የሙሽራዋ ግራዋ

ዳንግላ፣ ከእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ጀርባ፣ የእድሩ ሴቶች ቆሻሻ መጣያውን አጽድተው ለንብ ብለው አበባ ባለሙበት ቦታ፤ በጥር ወር አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ የሙሽራዋ እናት ትዋበችና የሙሽራዋ የክርስትና እናት ይርገዱ፣ ከነሙሉ አበባው ከሥሩ ተቆርጦ የወደቀ ግራዋ አጠገብ ቆመዋል።

ትዋበች፦ ፍየል በላው በያት፤ ምን ይጎዳሻል?

ይርገዱ፦ በመጥረቢያ የሚበላ ፍየል ዳንግላ ውስጥ አላውቅም።

ትዋበች፦ እንግዲያው ነፋስ ጣለው በያት።

ይርገዱ፦ ነፋስ! እስኪ ቁርጡን እይው። ሦስት ጊዜ ተመትቶ ነው የወደቀው። ነፋሱ ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው አገኘው?

ትዋበች፦ ኧረ ቀስ በይ! አጥሩ ሰንሰል ነው፤ ወሬ አይከለክልም። ልጅቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከጤና ጣቢያ ትወጣለች፤ በዚሁ በኩል ነው የምታልፈው። እሁድ ሠርጓ ነው። ሦስት ቀን ሲቀራት በአንድ እንጨት የተነሳ ከእናቷ ትጣላ?

ይርገዱ፦ ይህን መጥረቢያውን ከማንሳትሽ በፊት አታስቢም ነበር? አሁን ያልበላው ፍየል ለምን ይሰደብ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ።

ትዋበች፦ ጋን ላጥብበት ነው የቆረጥኩት! ምነው፣ ጋን ያለ ግራዋ ይታጠባል እንዴ? እናትሽ በምን ነበር የምታጥበው? በሳሙና?

ይርገዱ፦ በግራዋ ነበር። ቅጠሉን በእፍኝ በእፍኝ ቀጥፋ። ግንዱን ጋን ውስጥ አትከትም ነበር።

ትዋበች፦ ቅጠሉ ከላይ ነው፤ አልደረስኩበትም።

ይርገዱ፦ አበልጄ።

ትዋበች፦ አቤት።

ይርገዱ፦ ጋኖችሽ አፋቸው በጭቃ ተለስኖ ዛሬ ስምንት ቀናቸው ነው። አብሬሽ የለሰንኩት እኔ ነኝ። ጠላ የሞላበት የተለሰነ ጋን ነው የምታጥቢው?

ትዋበች፦ አንድ የቀረ አለ።

ይርገዱ፦ የትኛው?

ትዋበች፦ ትንሹ።

ይርገዱ፦ ትንሹ ውስጥማ ዶሮሽ እንቁላል ታቅፋለች።

ትዋበች፦ እንዲያው እኔ ቤት አንቺ የማታውቂው ነገር የለም ማለት ነው? ዶሮዬ የት እንደምትተኛ ሳይቀር!

ይርገዱ፦ ሰላሳ ዓመት የወጣሁ የገባሁበት ቤት ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ልግባ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ያንቺ ነገር። ትተሽው እውነቱን ንገሪኝ።

ትዋበች፦ እውነቱ ያው ነው። ቆረጥኩት፤ አለቀ። እንጨት ነው፤ መልሶ ይበቅላል።

ይርገዱ፦ ይበቅላል፤ ማን አይበቅልም አለሽ? የሚያብበው ግን ለከርሞ ነው። ንቡ እስከዚያ ምን ይቅመስ? አደዩ ከመስቀል ወዲህ የለም። ኑጉ ታጭዶ ከተወቃ ወር አልፎታል። ሜዳው ሁሉ ደርቆ ቢጫ በሆነበት ሰዓት ለንብ ሞሰብ የሆነው ይኼ ዛፍ ነበር። እያቸው እስኪ፤ ወድቆም አልተለዩትም።

ትዋበች፦ አይቻቸዋለሁ። ደህና አድርጌ ነው ያየኋቸው።

ይርገዱ፦ ምነው ነጠላውን ከጉንጭሽ አላወርድ አልሽ?

ትዋበች፦ ጥርሴን ያመኛል። ነፋስ እንዳይመታው ነው።

ይርገዱ፦ አውርጂው እስኪ።

ትዋበች፦ ጥርሴን ነው አልኩሽ እኮ!

ይርገዱ፦ አውርጂው! ወይ ጉዴ! ከንፈርሽ ምን መሰለ! ዓይንሽም ሊከደን ነው!

ትዋበች፦ እሾህ ነው።

ይርገዱ፦ ግራዋ እሾህ የለውም።

ትዋበች፦ እሺ፣ ሦስት ናቸው። አንዷ ከንፈሬን፣ አንዷ ከዓይኔ ሥር። ሦስተኛዋ የት እንደነደፈችኝ አልነግርሽም።

ይርገዱ፦ እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ በይ። መንደፊያው ገና አልወጣም። አይ፣ አትጭመቂው! ከጨመቅሽው መርዙን ወደ ውስጥ ነው የምትሰጂው። በጥፍር ተጠርጎ ነው የሚወጣው። ቀና በይልኝ።

ትዋበች፦ ወይኔ! ቀስ! እሁድ በዚህ ከንፈር ነው እንግዳ የምቀበለው? አማቶቼ ምን ይሉኛል? የሙሽራዋ እናት ተደብድባ ነው የዳረቻት ይላሉ።

ይርገዱ፦ እስከ እሁድ ይሟሽሻል። አትነቃነቂ።

ትዋበች፦ ሦስቱም ያንቺ ናቸው። አውቀው ነው የመጡብኝ።

ይርገዱ፦ ንብ የማን ሆና ታውቃለች?

ትዋበች፦ ታዲያ ለምንድን ነው በኔ የአበባ መደብ ላይ አልፈው ወዳንቺ የሚሄዱት? በይ ንገሪኝ! መደቦቻችን ጎን ለጎን ናቸው። አንድ ቀን፣ ለይሉኝታ እንኳ፣ እኔ አበባ ላይ አያርፉም!

ይርገዱ፦ ስንት ጊዜ ነገርኩሽ። አንቺ የተከልሽው የፈረንጅ አበባ ነው። ማማሩን ያምራል፤ ግን ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ ንቧ መግቢያ አታገኝም። ብትገባም የምትቀምሰው የለም። የኛ አገር ንብ የኛን አገር አበባ ነው የምታውቀው፤ ግራዋውን፣ ቀጋውን፣ ጦስኙን።

ትዋበች፦ ከባሕር ዳር ድረስ በመኪና አስመጥቼ! በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክሜ! አንቺ ከገደል አፋፍ ነቅለሽ ያመጣሽውን ቀጋ ሰክተሽ ዞር አልሽ፤ ከወረዳ የመጡት ሰዎች ፎቶ ያነሱት ግን ማንን ነው? አንቺን!

ይርገዱ፦ ሁላችንንም አንስተዋል።

ትዋበች፦ እኔን ጠርዝ ላይ! ግማሽ ትከሻዬ ነው የወጣው። የኔ መሆኑንም ያወቅሁት በሹራቤ ነው።

ይርገዱ፦ እንደሱ ተስሎ የወጣ ትከሻ አላየሁም፤ በእውነት።

ትዋበች፦ ሳቂ፤ ሳቂ! ይኼ ቦታ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ፣ እድሩ ፊት ተነስቶ "ይጽዳ" ያለው ማን ነበር?

ይርገዱ፦ አንቺ ነሽ። ሁልጊዜም ለሰው እናገራለሁ።

ትዋበች፦ የሞተ ውሻ በእግሩ ጎትቶ ያወጣው ማን ነበር?

ይርገዱ፦ አንቺ ነሽ። እኔ ሸሽቻለሁ።

ትዋበች፦ ታዲያ ምን ተባለ? "የእትዬ ይርገዱ ቦታ" ተባለ! የሠፈሩ ዱባ ፍሬ ያዘ፤ ይርገዱ ትመስገን። ቃሪያው በዛ፤ ይርገዱ ትኑርልን። ነገ ዝናብ በወቅቱ ቢመጣ፣ አስታራቂው ቄስ ሳይሆን አንቺ ነሽ ከእግዜር ጋር የተነጋገርሽው ይባላል።

ይርገዱ፦ ዱባው የያዘው ንቡ ስለመጣ ነው። ዱሮ አበባው ሳይያዝ ይረግፍ ነበር፤ ንብ ሲመላለስበት ፍሬ ሆነ። እኔ ምን አደረግሁ? ያንቺም እኮ ዘንድሮ ነው የያዘው። አስራ አንድ ዱባ!

ትዋበች፦ ቆጥረሽዋል!

ይርገዱ፦ አንዱን ልከሽልኛል።

ትዋበች፦ ትንሹን ነው የላክሁልሽ።

ይርገዱ፦ አውቄዋለሁ። ጣፋጭ ነበር። በይ ወጣልሽ፤ ይኸው መንደፊያው። አሁን ነጭ ሽንኩርት ላሽልሽ፤ ከመቀነቴ አይጠፋም። ስሚኝ አበልጄ፣ ሰው በዱባና በፎቶ መጥረቢያ አያነሳም። ሌላ ነገር አለ።

ትዋበች፦ ምንም የለም።

ይርገዱ፦ ትርንጎ ቬሎዋን ለብሳ በዚህ ግራዋ ሥር ፎቶ እንነሳለን ስላለች ነው?

ትዋበች፦ ሙሽራ በንብ መሃል! እስኪ አሁን ጤነኛ ሰው የሚያስበው ነገር ነው? እሱንም አንቺ ነሽ የመከርሻት።

ይርገዱ፦ የኔ ምክር የለበትም። ዛፉን በቁራጩ የተከለችው እሷ ናት። ሦስት ዓመት ውሃ እያጠጣች፣ ዘንድሮ ነው እንዲህ ሞልቶ ያበበላት። ከሱ ሥር ልነሳ ብትል ምን ነውር አለው?

ትዋበች፦ ፎቶው አይደለም።

ይርገዱ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ትዋበች፦ ታውቂዋለሽ።

ይርገዱ፦ አላውቅም።

ትዋበች፦ ታውቂዋለሽ! ትናንት ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች፣ "እማዬ፣ እሁድ ጉልበት ስስም በአባዬ ወንበር ላይ ክርስትና እናቴ ትቀመጥልኝ" አለችኝ። እንደ ዋዛ! ጨው አቀብዪኝ እንደማለት! በእጄ የያዝኩትን አጣጥፌ ሳልጨርስ ወጣሁ።

ይርገዱ፦ ነገረችሽ ማለት ነው።

ትዋበች፦ ይኸው! "ነገረችሽ ማለት ነው!" ታውቂያለሽ አላልኩሽም?

ይርገዱ፦ ጠይቃኝ ነበር። አይሆንም ብያታለሁ።

ትዋበች፦ መቼ?

ይርገዱ፦ ባለፈው ሳምንት።

ትዋበች፦ ከኔ በፊት!

ይርገዱ፦ ከአንቺ በፊት።

ትዋበች፦ ይኸው ነው እንግዲህ! ሁልጊዜ ከኔ በፊት! ጤና ጣቢያ መቀጠሯን ከኔ በፊት ሰማሽ። ልጁን መውደዷን ከኔ በፊት ሰማሽ። የገዛ አማቼን ስም እኔ የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው፤ ከሰው አፍ! እሺ ይሁን፣ ስሟንስ ማን አወጣው? እኔ አበቡ ልላት ነበር። አንቺ "ትርንጎ ትሁን" አልሽ፤ አባቷ ዳኘው "ግሩም ስም ነው" አለ። እኔ አራስ ነኝ፤ ማን ይሰማኛል?

ይርገዱ፦ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ይዘሽ ኖርሽ?

ትዋበች፦ ይህን ብቻ መሰለሽ የያዝኩት?

ይርገዱ፦ ያኔ አንድ ቃል ብትተነፍሺ አበቡ ትባል ነበር እኮ።

ትዋበች፦ አሁን ምን ያደርግልኛል? ትርንጎ ብለሽ ትርንጎ ሆነች። የዳኘው ወንበር ግን የዳኘው ነው! ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ አራት ዓመቱ። እኔ አስቤ የጨረስኩት ሌላ ነበር። ወንበሩን አጠገቤ አደርገዋለሁ፤ ጋቢውን አለብሰዋለሁ፤ ልጄ መጥታ ጉልበቴን ትስማለች። ሰዉ ሁሉ እያየ። እዚያች ላይ ለአንዲት ደቂቃ እኔ ብቻ እናቷ እሆናለሁ ብዬ ነበር። ለአንዲት ደቂቃ ይርገዱ! ይህም በዛብኝ?

ይርገዱ፦ እናቷማ አንቺ ብቻ ነሽ።

ትዋበች፦ እንዲያ ከሆነ ስለምን ከሥራ ስትወጣ በሬን አልፋ ወዲህ ትመጣለች? ልክ እንደ ንቡ! በሬ ክፍት ነው፤ ወጡ ትኩስ ነው፤ ልብሷ ታጥቧል። "ደህና ዋልሽ እማዬ" ትልና ታልፋለች። ከዚያ እዚህ ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ ስትስቁ እስከ ማጀቴ ይሰማኛል። ምን እንደሚያስቃችሁ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ "ነይ፣ አንቺም ሳቂ" ብላችሁኝ አታውቁም።

ይርገዱ፦ መጥተሽ ታውቂያለሽ?

ትዋበች፦ ሳልጠራ?

ይርገዱ፦ የራስሽ መደብ ያለበት ቦታ መጠሪያ ያስፈልገዋል?

ትዋበች፦ ያስፈልገዋል! ለኔ ያስፈልገኛል! ይኸው ዛሬ ሳልጠራ መጣሁ። በመጥረቢያ።

ይርገዱ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሻል እንዲህ ነው። እሷን ላስቀር ብለሽ የምትወደውን ቆረጥሽባት።

ትዋበች፦ ስትቆርጪው ደግሞ ይጣፍጣል፤ የመጀመሪያው ምት። ውሸት አልናገርም። ሁለተኛው ላይ ንቦቹ መጡ። ሦስተኛውን እያለቀስኩ ነው የመታሁት፤ በከንፈሬ ይሁን በሌላ ነገር እንጃ።

ይርገዱ፦ ወንበሩን ለምን እንዳለች ጠየቅሻት?

ትዋበች፦ ምን ይጠየቃል? ትወድሻለች፤ አለቀ።

ይርገዱ፦ የአባቷን ወንበር ባዶውን ማየት ፈርታ ነው። "ጋቢው ተደርቦበት ካየሁት በሠርጌ ቀን ጮኼ ነው የማለቅሰው፤ ሰው ይቀመጥበትና ይሸፈንልኝ" ነው ያለችኝ።

ትዋበች፦ ጋቢውን እንዳሰብኩ በምን አወቀች?

ይርገዱ፦ ከሳጥን አውጥተሽ ስታናፍሺው አይታለች።

ትዋበች፦ ታዲያ ይህን ለኔ አትነግረኝም?

ይርገዱ፦ እንዳታለቅሺባት።

ትዋበች፦ እኔ? እኔ መቼ ነው የማለቅሰው?

ይርገዱ፦ አሁን።

ትዋበች፦ ይኼ ሽንኩርቱ ነው! ምን ያህል ጨምቀሽ ነው ያሸሽኝ? ደግሞ ይህንንም ላንቺ ነገረችሽ። የኔን ልቅሶ ሳይቀር ላንቺ! ምን ብታደርጊያት ነው? እስኪ በሞቴ ንገሪኝ፤ ምን አቅምሰሻት ነው?

ይርገዱ፦ ልንገርሽ?

ትዋበች፦ ንገሪኝ።

ይርገዱ፦ አባቴ ንብ አርቢ እንደነበር ታውቂያለሽ። ባዶ ቀፎ ከመስቀሉ በፊት ውስጡን በግራዋ ቅጠልና በጠጅ ሳር ያጥነዋል። መንጋ ሲያልፍ ሽታው ይጠራዋል፤ ይገባል። "ንብ አሳድጄ አላውቅም፤ ቤት ነው የማሰናዳው" ይል ነበር።

ትዋበች፦ አባትሽን እግዜር ይማራቸው፤ ከትርንጎ ምን አገናኛቸው?

ይርገዱ፦ ትርንጎ ሕፃን ሆና የግራዋ አበባ ሽታ ነፍሷ ነበር። አስታውሺ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታው ትመጣለች፤ አንቺ ቅማል ያመጣል ብለሽ ታራግፊባታለሽ።

ትዋበች፦ ቅማል ያመጣላ!

ይርገዱ፦ አያመጣም። እኔ መልሼ እሰካላት ነበር። እንግዲህ ዳኘው የሞተ ጊዜ፣ ልጅቱ አንቺን ብቻሽን ላለመተው ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ሆነች። እኔ ጋ እግሯ ቀረ። ስምንት ወር። ቤቴን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ያልዳኸበት ቤት ነው። በር ሲንኳኳ የምታንኳኳው ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ እድሩ "ቦታው ጸዳ፤ ምን እንትከልበት?" ሲል እኔ ተነስቼ "ግራዋ ይተከል፤ ለንብ ይሆናል" አልኩ። አጨበጨባችሁልኝ።

ትዋበች፦ አጨበጨብኩ።

ይርገዱ፦ ለንብ ብዬ አልነበረም።

ትዋበች፦ ታዲያ ለምን ነበር?

ይርገዱ፦ እሷ እንድትመጣልኝ ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ቤትሽ የሚወስደው መንገድ በዚህ በኩል እንደሆነ አውቃለሁ። አንዷን ቁራጭ ሰጥቼ "ነይ፣ አንቺው ትከያት" አልኳት። የተከሉትን ደግሞ ሳያዩት አያልፉም። የምትቀመጥበት ድንጋይ አኖርኩ፤ አሁን የተቀመጥሽበት ነው። የሚያስቃትን ወሬ ቀኑን ሙሉ ስለቅም ውዬ ጠበቅኋት። ንቡ በኋላ ነው የመጣው። እግዜር በሰጠው ትርፍ ነው ሰው ያመሰገነኝ።

ትዋበች፦ አጠመድሻት!

ይርገዱ፦ አጠመድኳት። አንቺ በወጥ ስትጠብቂያት እኔ በአበባ ጠበቅኋት።

ትዋበች፦ ይህን ደግሞ ዓይንሽን አፍጥጠሽ ትነግሪኛለሽ?

ይርገዱ፦ ቀናተኛዋ አንቺ ብቻ መሰለሽ? የዛሬ ሰባት ዓመት ታይፎይድ ይዟት የተኛች ጊዜ ሦስት ቀን ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንቺ ድካም ጥሎሽ ጓዳ ተኝተሻል። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ፊቷ ያለሁት እኔ ነኝ። ምን አለች መሰለሽ? "እማዬስ?" አለች። ሌላ ቃል የለም። የዚያን ቀን ሞትሽን ተመኘሁ።

ትዋበች፦ የኔን?

ይርገዱ፦ ለአንዲት ደቂቃ። ንስሐ ገብቼበታለሁ። የነፍስ አባቴ አርባ ስግደት ሰጡኝ።

ትዋበች፦ የኔ ሞት አርባ ብቻ?

ይርገዱ፦ ሐሳብ እንጂ ሥራ አይደለም ብለው ነው።

ትዋበች፦ ለመጥረቢያማ መቶም አይበቃኝ። "እማዬስ" አለች?

ይርገዱ፦ እማዬስ አለች።

ትዋበች፦ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?

ይርገዱ፦ ልቡን ከየት አባቴ አምጥቼ? ያቺን ቃል ላንቺ ብሰጥሽ ለኔ ምን ይቀረኛል?

ትዋበች፦ ሰባት ዓመት ደበቅሽብኝ! የገዛ ልጄን ቃል! ሌባ ነሽ ይርገዱ።

ይርገዱ፦ ነኝ። አንቺ ደግሞ ዛፍ ቆራጭ ነሽ። በይ አሁን ተነሽ፤ ሰዓቱ ደርሷል። ቅርንጫፉን ወደ ጥግ እንጎትተው፤ መንገድ ላይ እንዳታየው።

ትዋበች፦ ጉቶውስ? ጉቶ ይጎተታል? ምን እላታለሁ በእግዜር? ፊቷን ካጠቆረችብኝ፣ እሁድ ጉልበቴን ስትስም አፏ ብቻ ከሆነ የሚስመኝ፣ እኔ በቁሜ ሞቻለሁ።

ይርገዱ፦ እኔ ቆረጥኩት እላታለሁ።

ትዋበች፦ ማን?

ይርገዱ፦ እኔ። ለሠርግሽ ጋን ማጠቢያ ብዬ ነው እላታለሁ።

ትዋበች፦ የተለሰነ ጋን!

ይርገዱ፦ እሷ ስለ ጋን ምን ታውቃለች? የምታውቀው ስለ መርፌ ነው።

ትዋበች፦ ታዝንብሻለች እኮ። በእጇ የተከለችው ነው።

ይርገዱ፦ ታዝናለች። ወር ሁለት ወር ታኮርፈኛለች። በዚህ በኩል ማለፉን ትታ ቀጥ ብላ ወደ ቤትሽ ትገባለች። ወጥሽም ሳይቀዘቅዝ ትበላዋለች። ሌላ ምን ፈለግሽ?

ትዋበች፦ በምላሹስ? ወንበሩን ነው የምትፈልጊው?

ይርገዱ፦ ወንበሩን አልቀመጥበትም ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ከወደቀው ቅርንጫፍ አሥር ቁራጭ ውሰጂና በአንቺ መደብ ላይ፣ በፈረንጅ አበባሽ መሃል መሃል ስኪው። በሁለት ጀሪካንሽ ይይዛል። ለከርሞ ንቡ ወዳንቺ ይመጣል። ልጅቱም ከባሏ ቤት ስትመጣ ሽታው ባንቺ በኩል ይጠራታል።

ትዋበች፦ እኔ መደብ ላይ?

ይርገዱ፦ ባንቺ መደብ ላይ።

ትዋበች፦ ይህን ሁሉ በነፃ?

ይርገዱ፦ የወሰድኩትን እየመለስኩ ነው። ነፃ አይደለም።

ትዋበች፦ ቆይ፣ ቆይ። ገባኝ። አሁን ደግሞ ደግ ልትሆኚብኝ ነው!

ይርገዱ፦ ምን አልሽ?

ትዋበች፦ ነገሩ አንድ ቀን ይወጣል። እዚች አገር ያልወጣ ነገር የለም። ያን ዕለት ትርንጎ ምን ትላለች? "ክርስትና እናቴ የእናቴን ጥፋት ተሸከመችላት" ትላለች። "ሦስት ቀን ለሠርጌ ሲቀረኝ ስድቡን እሷ ጠጣችልኝ" ትላለች። ለልጆቿ ትተርካለች! አንቺ መልአክ፣ እኔ መጥረቢያ! ይባስ ብላ ልትወድሽ!

ይርገዱ፦ ማን ይነግራታል? እኔ አልናገርም፤ አንቺ አትናገሪም።

ትዋበች፦ ከንፈሬ ይናገራላ! ነርስ ናት እኮ! የቆረጥሽው አንቺ፣ የተነደፍኩት እኔ? ንቡ ሰው ተሳስቶ ነው?

ይርገዱ፦ ስትረጂኝ ነው የተነደፍሽው እላለሁ። ዝም በይ፣ የአጥሩ በር ነው። እሷ ናት፤ አረማመዷን አውቀዋለሁ።

ትዋበች፦ እኔም አውቀዋለሁ!

ይርገዱ፦ መጥረቢያውን ስጪኝ።

ትዋበች፦ ልቀቂው።

ይርገዱ፦ በኔ እጅ ትየው፤ ስጪኝ እልሻለሁ! አበልጄ፣ ሠርጓን አታበላሺ!

ትዋበች፦ ልቀቂው አልኩሽ! ስሟን አወጣሽ፣ ሳቋን ወሰድሽ፣ ምስጢሯን ወሰድሽ፤ ጥፋቴን ግን አልሰጥሽም! ትርንጎ! ነይ ወዲህ፣ ቀና ብለሽ እዪኝ! ግራዋሽን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እናትሽ! ማኩረፍ ካለብሽ እኔን ነው የምታኮርፊው፤ እሷን አይደለም!